ጠቅላይ አዛዥ ማን ነው? ከወሎ ኢማሞች እስከ ዛሬው ሕገ መንግሥት

«የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ» የሚባለው በአንድ አገር ያለ የታጠቀ ኃይል ሁሉ በመጨረሻ የሚታዘዝለት ባለ ሥልጣን ነው። ስያሜው እንደየአገሩ ሥርዓት በንጉሥ፣ በፕሬዚዳንት ወይም በጠቅላይ ሚኒስትር እጅ ይሆናል። በዜና ደጋግመን የምንሰማው ቃል ቢሆንም ከጄነራልነት ወይም ከማርሻልነት ማዕረግ ጋር ሲምታታ ይታያል።

ለወሎ ሙስሊም ደግሞ ጉዳዩ የቃላት ትርጉም ብቻ አይደለም። ከመካነ ሰላምና ከቦረና አንሥቶ በለጋምቦ በኩል እስከ ተንታና ወረኢሉ ባለው ደጋ አባቶቻችን ጦር የመሩት «ኢማም» በሚል ስያሜ ነበር። ያንን የአዛዥነት ሥልጣን ይዞ ለመቆየት እምነትን መቀየር የተጠየቀበት ዘመንም መጥቷል። ይህ ጽሑፍ ስያሜው ከየት ተነሥቶ ዛሬ የት እንደደረሰ፣ ሕጉስ ለማን እንደሚሰጠው በአጭሩ ያስረዳል። ሂጅራ ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች

ነገሩን ለመረዳት ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው ስያሜው ነው። ሕግ ወይም ልማድ «የሠራዊቱ የበላይ ይህ ሰው ነው» ብሎ የሚሰጠው ሥልጣን ማለት ነው። ሁለተኛው ማዕረግ ሲሆን ወታደሩ በአገልግሎትና በሹመት የሚያገኘው ደረጃ ነው፤ ሻምበል፣ ኮሎኔል፣ ጄነራል እንደማለት። ሦስተኛው ተጨባጭ አዛዥነት ነው። ጦሩ ተነሥ ሲባል የሚነሣው፣ ተመለስ ሲባል የሚመለሰው በማን ቃል ነው የሚለው ነው።

ሦስቱ በአንድ ሰው እጅ የተገናኙበት ጊዜ አለ። ተለያይተው የኖሩበት ጊዜም ብዙ ነው።

በመጀመሪያው የኢስላም ዘመን

በነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የጦር አዛዥነት ለአንድ ጉዳይ የሚሰጥ አደራ እንጂ በዘር የሚወረስ ክብር አልነበረም። በ8 ዓመተ ሂጅራ ወደ ሙእታ የዘመተውን ጦር እንዲመሩ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ሰዎችን በቅደም ተከተል ሾሙ፦ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ፣ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብና ዐብዱላህ ኢብኑ ረዋሓ (ረ.ዐ)። አንዱ ሲሰዋ ሌላው እየተካ ሦስቱም በዚያው ሸሂድ ሆኑ። ከመካከላቸው ጀዕፈር (ረ.ዐ) ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ወክለው በነጃሺ ፊት የተናገሩት ናቸው።

የዘይድ ልጅ ኡሳማ (ረ.ዐ) ደግሞ ገና ወጣት ሳሉ ታላላቅ ሶሓቦች ባሉበት ጦር ላይ ተሹመዋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካረፉ በኋላ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ) ሹመቱን አጽንተው ጦሩን ሸኙ። ኡሳማ በፈረስ ሆነው፣ ኸሊፋው በእግራቸው እየተከተሉ እንደሸኟቸው ታሪክ ይነግረናል።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በ13 ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋ ሲሆኑ በሻም የነበረውን የበላይ አዛዥነት ከኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) አንሥተው ለአቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ) ሰጡ። «የአላህ ሰይፍ» የተባሉት ኻሊድ ግን ጦሩን ከፍለው አልሸፈቱም። በአዲሱ አዛዥ ሥር ሆነው መዋጋታቸውን ቀጠሉ። «አሚረል ሙእሚኒን» የሚለው ስያሜ የጸናውም በዑመር ዘመን ነው። ቃሉ «የምእመናን አዛዥ» ማለት ሲሆን የእምነት መሪነትንና የጦር የበላይነትን በአንድ ይዟል።

በዑለሞቻችን ዘንድ የጸናው ግንዛቤም ሥልጣን አማና ነው የሚል ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ሹመት በጠየቁ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሹመት አደራ መሆኑን፣ ሐቁን ላልጠበቀ ሰውም በቂያማ ቀን ጸጸት እንደሚሆንበት ነግረዋቸዋል። ሐዲሱ በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል።

በአገራችን፦ ስያሜው እዚህ፣ ጦሩ እዚያ

ወደ አገራችን ስንመጣ የስያሜና የተጨባጭ አዛዥነት መለያየት በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ግዛት ታይቷል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአዳል ሡልጣን የሚባለው ዑመርዲን ነበር። ጦሩን ያደራጁትና በ1521 በሽምብራ ኩሬ፣ ከዚያም እስከ 1535 ድረስ በየዘመቻው የመሩት ግን ኢማም አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂም ናቸው። ኢማም አሕመድ የሡልጣንነቱን ስያሜ ለራሳቸው አልወሰዱም፤ «ኢማም» በሚለው ብቻ ሠራዊቱን አዘዙ።

በጎንደርም በዘመነ መሳፍንት (1761–1847) ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ዘውድ የሚደፋ ነበር፤ ጦሩ የሚታዘዘው ግን ለየጁ ራሶች ነበር። የመጨረሻው የየጁ ራስ፣ ራስ አሊ ዳግማዊ፣ ከወሎ ጋር በእናት ይዛመዳል። እናቱ እቴጌ መነን የወረ ሂመኖው የኢማም ሊበን ልጅ ናት።

የጥንቱ ሹመቶች ስማቸው ራሱ ከጦር አሰላለፍ የመጣ ነው። ፊታውራሪ የፊቱን ጦር የሚመራ ነው። ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው አዝማች ናቸው። ደጃዝማች የደጁ፣ ማለትም የንጉሡ ድንኳን ደጃፍ ያለው ጦር አዝማች ነው። ራስ ማለት በዐረብኛም በግዕዝም እንደምናውቀው «ጭንቅላት» ነው። በወሎና በሸዋ ደግሞ አበጋዝ የሚባል የጦር መሪ ሹመት ነበር፤ ዛሬም «የጦር አበጋዝ» ስንል ከዚያው የቀረ ቃል ነው።

የወሎ ኢማሞች

የወሎ ኢማሞች መነሻ ወረ ሂመኖ ነው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማገባደጃ ጀምሮ የዚህ ቤት ገዥዎች «ኢማም» ተብለዋል። ስያሜው ሁለት ሥራ ነበረው። በአንድ በኩል የሙስሊሙ መሪ መሆንን፣ በሌላ በኩል የፈረሰኛው ጦር የበላይ መሆንን ይገልጻል። የአጎራባቹ ደጃዝማች ወይም ራስ ሹመቱን ከንጉሠ ነገሥቱ ሲቀበል፣ ኢማሙ ግን ሥልጣኑን የሚያጸናው በቤቱ ዘር፣ በጦሩ ብርታትና በሃይማኖቱ ነበር።

ይህ ማለት ሁሉም ነገር ሰላም ነበር ማለት አይደለም። በኢማሞቹ ቤት መካከል የሥልጣን ፉክክር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ወርቂትና መስተዋት የተባሉ ሁለት እመቤቶች በልጆቻቸው ስም ጦር እየመሩ ተፎካክረዋል። የኢማምነቱ ስያሜ የልጆቹ ነበር፤ ጦሩን ያንቀሳቀሱት ግን እናቶቹ ናቸው።

የወርቂት ልጅ ኢማም አመዴ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቆ በመቅደላ ታሥሮ ነበር። በሰኔ 1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ በወሎ በኩል ሲያልፍ ወርቂት አሳለፈችው። ቴዎድሮስም በዚህ ተቆጥቶ ኢማሙን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደለ። ወርቂት ልጇ በቴዎድሮስ እጅ መሆኑን እያወቀች ምኒልክን አሳልፋ አልሰጠችም።

ቦሩ ሜዳ፦ የስያሜው ዋጋ

በ1870 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከምኒልክና ከሊቃውንቱ ጋር ከደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው የክርስቲያኑን የሃይማኖት ክርክር የሚቋጭ ነበር። ከዚያ ጋር ተያይዞ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የወጣው ትእዛዝ ግን የሥልጣንን መንገድ ለወጠው። በሥልጣን ላይ ያለ ሙስሊም መጠመቅ ወይም ሥልጣኑን መልቀቅ ነበረበት።

ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠመቀ። የክርስትና አባቱ ራሱ ዮሐንስ ሆነ፤ ስሙ ሚካኤል፣ ሹመቱ ራስ ተባለ። ተፎካካሪው የመስተዋት ልጅ አመዴ ሊበን (አባ ዋጠው) በምኒልክ የክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባለ። ሰዎቹ ያው የወሎ ሰዎች ነበሩ፤ ፈረሰኛውም ያው ነበር። «ኢማም» የሚለው የአዛዥነት ስያሜ ግን ከዚያ ወዲያ በንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አጣ።

ሁሉም አልተቀበለውም። ሸይኽ ጦልሐ ኢብኑ ጀዕፈርን የመሰሉ ዑለሞች ተቃውሞውን መርተዋል። ብዙው ሕዝብም በአደባባይ የተጠየቀውን እያሳየ በቤቱ ሶላቱን ሲሰግድ ኖሯል። በቦረናና በአካባቢው በአንድ ዘር ሐረግ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዶች አብረው መኖራቸው ብዙ ምክንያት አለው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ዘመን ነው። ስለዚህ ታሪኩን ስናነሣ ዘመድን ከዘመድ ለማጣላት ሳይሆን የሆነውን በትክክል ለማወቅ መሆን አለበት።

ከወረኢሉ እስከ ሰገሌ

ራስ ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብቶ ከዙፋኑ ጋር ተዛመደ። በመስከረም 1888 ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግር የሸዋ ጦር መሰብሰቢያ ወረኢሉ ነበር። በአድዋም የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ከጦሩ ጋር ዋለ። የንጉሠ ነገሥቱ የበላይ አዛዥነት በዚያ ዘመን የወረቀት ስያሜ አልነበረም፤ ምኒልክ ራሱ ከጦሩ ጋር ዘምቷል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ራስና ንጉሥ የራሱን ጦር ይዞ የሚመጣ ስለነበር የበላይ አዛዥነቱ በመኳንንቱ ታማኝነት ላይ የቆመ ነበር።

የሚካኤልና የሸዋረጋ ልጅ ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ሆነ። በግንቦት 1906 አባቱን የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርጎ አነገሠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን፣ መስከረም 17 ቀን 1909፣ ልጅ ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብሏል በሚል ክስ ከሥልጣን ወረደ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጁ ሲል ጦሩን ይዞ ወደ ሸዋ ዘመተ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 በሰገሌ ተሸንፎ ተማረከ። በ1870 ስሙን የቀየረበት ሥልጣን በ1909 ልጁ በእስልምና ተጠርጥሮ ሲወርድ አብሮ ፈረሰ።

ንጉሠ ነገሥቱ በጽሑፍ ሕግ

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነገሩን በጽሑፍ አሰፈረው። በአንቀጽ 29 ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ሆነው ሠራዊቱን የማደራጀት፣ የማዘዝና የመኮንንነት ማዕረግ የመስጠት ሥልጣን ነበራቸው። በአንቀጽ 126 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ምንጊዜም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ እንዲሆኑ ተደነገገ። ሁለቱን አንቀጾች አብረን ስናነባቸው የአገሪቱ የበላይ አዛዥነት በሕግ ለአንድ እምነት ተከታይ ብቻ የተከለለ ነበር ማለት ነው።

አፄ ኃይለ ሥላሴ የፊልድ ማርሻልን የደንብ ልብስ ይለብሱ ነበር። በ1957 የብሪታንያ ጦርም የክብር ፊልድ ማርሻልነት ሰጥቷቸዋል። በእርሳቸው ዘንድ ስያሜው፣ ማዕረጉና አዛዥነቱ አንድ ላይ ነበሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ባደረጉት ታላቅ ሰልፍ ካነሷቸው ጥያቄዎች መካከል በመንግሥት ሥራ እኩል የመሳተፍ መብት ይገኝበታል።

ኮሎኔሉ ጄነራሎቹን ሲያዝ

ደርግ በመስከረም 1967 ሥልጣን ሲይዝ ዘውዱ ወረደ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሠራዊቱ የበላይ አዛዥ ሆኖ ብዙ ጄነራሎችን ሲያዝ ማዕረጉ ሌተና ኮሎኔል ነበር። ስያሜና ማዕረግ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን የለም። የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ከጸደቀ በኋላም የጠቅላይ አዛዥነቱ ስያሜ የፕሬዚዳንቱ ሆነ።

ዛሬ ሕጉ የሚለው

በ1987 የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ጉዳዩን እንደሚከተለው ደልድሎታል።

- ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው (አንቀጽ 74)። የሚመረጠውም ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው (አንቀጽ 73)።
- ፕሬዚዳንቱ ከፍተኛ የውትድርና ማዕረጎችን ይሰጣል፤ ይህን የሚያደርገው ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ነው (አንቀጽ 71)።
- የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው (አንቀጽ 55)።
- የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል ይሆናል። ሠራዊቱ የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ይይዛል፤ ለሕገ መንግሥቱ ተገዥና ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ ተግባሩን ያከናውናል (አንቀጽ 87)።
- መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው (አንቀጽ 11)። የመምረጥና የመመረጥ መብት በሃይማኖት አይገደብም (አንቀጽ 38)።

ከጠቅላይ አዛዡ በታች የሠራዊቱ ከፍተኛ ወታደራዊ ኃላፊ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን 2014 ለኤታማዦር ሹሙ ብርሃኑ ጁላ የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ ተሰጥቷል። ይህ ማዕረግ ነው፤ የጠቅላይ አዛዥነቱ ስያሜ ግን በሕጉ መሠረት በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ እንዳለ ነው።

ሕጉ ከጸደቀ ወዲህ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጠቅላይ አዛዥ ሆነዋል፦ መለስ ዜናዊ፣ ኃይለማርያም ደሳለኝና ዐቢይ አሕመድ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች ናቸው። የአንቀጽ 126 አጥር እንደፈረሰ ይህ ብቻ ያሳያል። በሙስሊሙም በኩል ጄነራል አደም መሐመድ ከሰኔ 2011 እስከ ጥቅምት 2013 ኤታማዦር ሹም ነበሩ። ወይዘሮ አይሻ መሐመድ በጥቅምት 2011 የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾመዋል። ማንም ስሙን እንዲቀይር አልተጠየቀም።

ኮማንድ ፖስትና ጠቅላይ አዛዥ

በአካባቢያችን ሰው አፍ ላይ የገባ ሌላ ቃል «ኮማንድ ፖስት» ነው። በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይሰማል። ጠቅላይ አዛዥነት ቋሚ ሥልጣን ነው። ኮማንድ ፖስት ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን ለማስፈጸም የሚቋቋም ጊዜያዊ አካል ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚወጣው በአንቀጽ 93 መሠረት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣዋል፤ የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ለምክር ቤቱ ይቀርባል። በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጸደቀ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። በዚህም ጊዜ ቢሆን የማይነኩ መብቶች አሉ፤ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው ድንጋጌ አንዱ ነው። ጦር በሚንቀሳቀስበት አገር ለሚኖር ገበሬ፣ ነጋዴና የመድረሳ ተማሪ ይህን ማወቅ ትርፍ ዕውቀት አይደለም።

በሌሎች አገሮች

በሳዑዲ ዐረቢያ በ1992 (እ.ኤ.አ.) የወጣው መሠረታዊ የአስተዳደር ሕግ ንጉሡን የጦር ኃይሎች ሁሉ የበላይ አዛዥ ያደርጋል። በዮርዳኖስም ንጉሡ የምድር፣ የባሕርና የአየር ኃይል የበላይ አዛዥ ነው። የሞሮኮ ሕገ መንግሥት ሁለቱን ስያሜዎች ለይቶ ለአንድ ሰው ይሰጣል፦ በአንቀጽ 41 ንጉሡ «አሚረል ሙእሚኒን» ነው፤ በአንቀጽ 53 የንጉሣዊው ጦር የበላይ ነው። በማሌዥያ ንጉሡ የበላይ አዛዥ ቢባልም እንደ ሥርዓቱ የሚሠራው በመንግሥት ምክር ነው። በሕንድ ስያሜው የፕሬዚዳንቱ ነው፤ ውሳኔው ግን የካቢኔው ነው። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ሲቪል ሆኖ ሳለ ስያሜውም ውሳኔውም በእጁ ነው።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር የእኛ ሕግ ስያሜውንና ውሳኔውን በአንድ ተመራጭ ሲቪል እጅ አድርጎ የጦርነት አዋጅን ለምክር ቤት፣ ማዕረግ መስጠትን ለፕሬዚዳንት አካፍሏል።

ከታሪኩ የሚቀረው

የወሎ ታሪክ የሚያስተምረን የአዛዥነት ስያሜ ከእምነት ጋር ሲታሰር ሁለቱም እንደሚጎዱ ነው። ሥልጣን ለመያዝ የተቀየረ ስም ሥልጣኑን አላጸናም፤ እምነቱም የግፍ ጥርጣሬ ማንሻ ሆነ። ዛሬ ሕጉ ስያሜውን ከእምነት ፈትቶታል። በሕጉ የተጻፈውን ማወቅ፣ በምርጫ መሳተፍ፣ ልጆችን ለአገር ኃላፊነት ማብቃት የእኛ ድርሻ ነው።

አዛዥነትን የያዘ ሰው ደግሞ፣ ሙስሊም ይሁን ሌላ፣ የያዘው የሰው ነፍስ ነው። ኻሊድ (ረ.ዐ) ስያሜው ሲነሣባቸው ያልተቆጡት ስያሜው የእርሳቸው ንብረት አለመሆኑን ስላወቁ ነው። ቦረና ላይ ያለችው ከተማችን መካነ ሰላም ትባላለች፤ በዐረብኛ «ዳሩ ሰላም» እንደማለት ነው። አላህ ለስሟ የሚገባትን ሰላም ይስጣት፤ የሚያዝዙትንም አማናቸውን የሚጠብቁ ያድርግልን።

ወላሁ አዕለም።